የዓለምወርቅና ሰማያዊው ጉድጓድ

የጆሃንስበርግ ሐበሾች ገበያ በሆነው ጀፕ ውስጥ የዓለምወርቅን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት የገባ ነው፤ እሱም ቢሆን ሳምንት ሳይሞላው ያውቃታል። ሱቋ ከአንድ ያረጀ ፎቅ ሁለተኛ ደርብ ላይ ነው፤ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ ትሸጣለች። ከሎኬሽን፣ ከጥቁሮቹ ሰፈር፣ ለዕቃ የሚመጡ ባለስፓዛዎች፣ የትንንሽ ሱቅ ነጋዴዎች፣ ሸክማቸውን ታክሲ ላይ ከማስጫናቸው በፊት በሯ ላይ ቆም ብለው ሰላም ሳይሏት አይሄዱም። ለብርድ ልብሱ ብለው እንዳይመስላችሁ፤ ብርድ ልብስ ሻጭማ ጀፕ ሞልቶ ተርፏል። አንድ ቀን ቢሞቱ ወደ እናታቸው ደጅ የምትሸኛቸው እሷ መሆኗን ስለሚያውቁ ነው።

ሲሉት ያስደነግጣል፤ ግን ነገሩ እንዲህ ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣ ሰው በዚህ አገር ሲሞት፣ በጥይትም ይሁን በመኪና ወይም በሕመም፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለየዓለምወርቅ ነው። ሱቋን ቆልፋ ትወጣለች። ሬሳ ማቆያው ደጃፍ ላይ እሷን "ተመለሺ" ብሎ የመለሰ ዘበኛ እስካሁን አልተፈጠረም። ገብታ የሟቹን ፊት በዓይኗ ታያለች፤ ፊቱን ያላየችውን ሰው አትልክም። ጢሙን ታስላጨዋለች፣ ሙሉ ልብስ ታስለብሰዋለች፣ ከራሷ መደርደሪያ አዲስ ብርድ ልብስ አውጥታ ትጠቀልለዋለች። አንዴ አንድ ሰው "ሙት እኮ አይበርደውም" ቢላት "አንተ ሞተህ ታውቃለህ?" ብላ አፉን አስያዘችው። ከዚያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ከሳጥኑ ጎን ተቀምጣ ትሄዳለች። መርዶ ለእናት በስልክ አይነገርምና፣ የሟቹ ቀዬ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ሄደው እንዲያረዱ የምትደውለውም እሷ ናት።

አንዲት ቃል ነበረቻት፤ "ሰው እዚህ አይቀርም" የምትል። ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ወላይታው፣ ሁሉም ይህችን ቃል ከአፏ ሰምቷል። ስንቱ ባለስፓዛ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ሲቀመጥ ሌላ የሚተማመንበት ነገር ሳይኖረው ይህችን ብቻ ተማምኖ ነው። ቃሏንም አሁን የምነግራችሁ ነገር እስኪመጣ ድረስ አላጠፈችም።

የራሷ ልጅ የላትም። አልአዛር የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት፤ ልጇም እሱ ነበር። አባታቸው ሲሞት ከዱራሜ ገጠር አስመጣችው። ሌላው ሰው ወንድሙን ሲያስመጣ በማግስቱ ሶዌቶ ወስዶ ስፓዛ ውስጥ ያቆመዋል፤ እሷ ግን በምትኖርበት ሰፈር፣ ሮዘተንቪል፣ ትምህርት ቤት አስገባችው። "ልጁን አበላሸችው" ብለው አሟት። ሐሜቱ ጆሮዋ ሲደርስ ለልጁ ሌላ አዲስ የደብተር ቦርሳ ገዛችለት። የዓለምወርቅ ለሐሜት መልስ የምትሰጠው እንዲህ ነው።

ልጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ገባና የመረጠው ትምህርት ስለ ድንጋይ ሆነ። "ከምባታ ድንጋይ ጠፍቶ ነው እዚህ ድረስ ያመጣሁህ?" አለችው። እሱም ሳቀና፣ ይባስ ብሎ፣ የሚፈልገው ድንጋይ ያለው ባሕር ውስጥ እንደሆነ ነገራት። የዓለምወርቅ ባሕር ቀርቶ ወንዝ ስትሻገር ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ መዝሙር በአፏ ይዛ የምትሻገር ሰው ናት።

አንድ ቅዳሜ ሱቋ ውስጥ፣ በብርድ ልብስ እስር ላይ ተቀምጦ፣ በስልኩ ስዕል አሳያት። ከአውሮፕላን የተነሳ ነው። ባሕሩ ጥልቀት የለውም፤ ከታች ነጩ አሸዋ ይታያል፣ ውሃው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። በመካከሉ ግን በኮምፓስ የተከበበ የሚመስል፣ የጠቆረ ሰማያዊ ክብ አለ። "ብሉ ሆል ይሉታል" አላት። ሞቃት ባሕሮች ውስጥ፣ የኖራ ድንጋይ ባለበት ቦታ እንደሚገኝ፣ የጥንት መርከበኞች ወለል የለውም ብለው ይፈሩት እንደነበር ነገራት። "አለው እንዴ?" ስትለው "አለው፣ ከመቶ ሜትር በላይ ወርዶ" አላት።

ከዚያ የአፈጣጠሩን ታሪክ አወራላት፤ ሲያወራ ደግሞ እጁ፣ ዓይኑ፣ ሁለመናው ያወራል። ዱሮ፣ ሰው ታሪክ መጻፍ ሳይጀምር፣ ከዓለም ውሃ ከፊሉ በረዶ ሆኖ በሰሜንና በደቡብ ጫፍ ተቆልሎ ነበር። ስለዚህ ባሕሩ ዝቅ ብሎ ይህ ሁሉ ቦታ ደረቅ መሬት ነበር። ዝናቡ የኖራውን ድንጋይ ከውስጥ እየበላ ዋሻ ሠራ። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ፣ ከእያንዳንዱ ጠብታ ቅንጣት ኖራ እየቀረ፣ ወደታች የተንጠለጠሉ ድንጋዮች አበቀለ። በኋላ በረዶው ቀለጠ፣ ጣሪያው ተደረመሰ፣ ባሕሩ ወጥቶ ሁሉን ሸፈነ። የተንጠለጠሉት ድንጋዮች ግን እስከ ዛሬ በጨለማው ውስጥ አሉ። ውሃ ውስጥ ሊበቅሉ የማይችሉ ስለሆኑ፣ ቦታው አንድ ጊዜ ደረቅ እንደነበር ምስክር ናቸው። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ደግሞ እንደ ግንድ ቀለበት አለው፤ የትኛው ዘመን ዝናብ እንደነበረ፣ የትኛው ድርቅ እንደነበረ ይነበባል። አልአዛር የሚፈልገው ያንን ነበር፤ የጥንቱን ዝናብ።

"ታቹስ ምን አለ?" አለችው።

"እማ ቆጮ የምትቀብርበትን ጉድጓድ ታስታውሻለሽ?" አላት። "በኮባ ቅጠል አፍና፣ ድንጋይ ጭና ስትተወው አየር ስለማያገኝ ይበስላል እንጂ አይበላሽም። ታቹ እንደዚያ ነው። መካከል ላይ ነጭ ደመና አለ፤ ድኝ ድኝ ይሸታል። ከደመናው በታች ኦክስጅን የለም፤ ስለዚህ የሚያበሰብስ ነገር የለም። የባሕር ቀንድ አውጣዎች ከዳር ተንሸራተው ይወድቃሉ፤ መውጫ ሲያጡ የተሳቡበት ዱካ እንኳ ሳይጠፋ እዚያው አሉ።"

ቀንድ አውጣዎቹ አሳዘኗት። ጉዳዩ ግን ገባት፤ የቆጮ ጉድጓድ ለከምባታ ሴት ማስረዳት አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዳንዱ "ወደ ጥልቁ የሚወርድ ልጅ" እያለ ሊጸልይለት ሲነሳ፣ "ዋሻ ነው፣ ውሃ የገባበት ዋሻ" ብላ እሷው ማስረዳት ጀመረች።

መጥለቅን የሚለማመደው ከሲላስ ጋር ነበር። ሲላስ የሶዌቶ ልጅ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው የመጥለቅ ባለሙያ ሆኖ የሚሠራ፣ ረዥም፣ ዝምተኛ ሰው። ከጆሃንስበርግ ብዙ ተነድቶ የሚደረስበት፣ መሬት ተደርምሶ ውሃ የሞላው ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ይወርዳሉ። አንድ ቀን "ካላየሁ አላምንም" ብላ ተከተለቻቸው። ፕላስቲክ ወንበሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ እስኪወጡ ተቀመጠች። ሲወጡ ክትፎና ከአገር ሰው ያመጣላትን ቆጮ አቀረበች። ሲላስ ቆጮውን አላምጦ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ዛፍ ነው አለችው። ኢትዮጵያውያን ዛፍ እንደሚበሉ እስከዚያ ቀን አላወቀም ነበር፤ ሆኖም ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ከዚያ ወዲህ "ሲሲ" ነው የሚላት፤ በእነሱ አገር እህቴ ማለት ነው።

ጎህ ሲቀድ በር ሲንኳኳ ሌላው ሰው ማነው ይላል። የዓለምወርቅ ግን የዚያን ንጋት ተነስታ በሩን ስትከፍት፣ ሲላስን ከፊት፣ የእድሩን ሊቀ መንበር ጋሽ ሽጉጤን ከኋላ ስታይ፣ ምንም አልጠየቀችም። ሲላስ ከአልአዛር ጋር ለሰማያዊው ጉድጓድ ከሄዱባት የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት በአውሮፕላን ተመልሶ በቀጥታ ነበር የመጣው። በስልክ አልነገራትም። መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ በንጋት ከሽማግሌ ጋር ተኪዶ እንደሚነገር፣ ያስተማረው አልአዛር ራሱ ነበር። ለስንቱ መርዶ ያስነገረች ሴት፣ በራሷ ደጅ ላይ፣ ወጉን ያውቃል ተብሎ በማይታሰብ ሰው መርዶዋን በወጉ ተረዳች።

የሆነው እንዲህ ነው። አልአዛር ከነጩ ደመና በታች ወርዶ ከግድግዳው ናሙና ሲወስድ፣ ሲላስ ከደመናው በላይ ትርፍ አየር ይዞ ይጠብቀው ነበር። ከግድግዳው አንድ ትልቅ ቋጥኝ ተላቀቀ። ሲላስ የጓደኛው መብራት ወደታች ሲሄድ አየ። ደመናው ተናወጠ፣ ምንም አይታይም። አየሩ ሊያልቅ እስኪል ድረስ በእጁ እየዳበሰ ፈለገው፤ ከዚያ ወጣ። በማግስቱ ካሜራ የተገጠመለት መሣሪያ በገመድ ሲወርድ አልአዛር ወለሉ ላይ ተገኘ፤ እግሮቹ በድንጋይ ተይዘዋል። መሣሪያው ማየት ይችላል እንጂ ያንን ድንጋይ የሚያነሳ ክንድ የለውም። የሚያነሳው ሰው ብቻ ነው።

ጋሽ ሽጉጤ ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ደግነታቸው ከጆሯቸው መቅደሙ ነው። ከየዓለምወርቅ ቤት እንደወጡ፣ እንደ ለመዱት፣ ዱራሜ ደውለው ለሽማግሌዎቹ ነገሩ። እንደ ለመዱትም "አስከሬኑ ተከትሎ ይመጣል፣ አዘጋጁ" አሏቸው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሳይከተል የቀረ አስከሬን አልነበረማ። እነሱም አዘጋጁ። ከአባቱ መቃብር ጎን፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ የእንሰት ማሳ ጫፍ ላይ፣ ጉድጓዱ ተቆፈረ።

የዓለምወርቅ ይህን ስትሰማ ከፍራሿ ተነስታ ጋሽ ሽጉጤን በሰው ፊት ገሰጸቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ነገር ግን የተቆፈረ ተቆፍሯል። በገጠሩ ደግሞ የተቆፈረ መቃብር ባዶውን አይደፈንም፤ ባዶ የተደፈነ ሌላ ሰው ይጠራል ይባላል። ወንጌል ከገባ ወዲህ ይህን በአደባባይ የሚያምን የለም። በልቡ የማይፈራም የለም።

ሮዘተንቪል ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛው ከየሎኬሽኑ ጎረፈ። እሷ የሸኘቻቸው ሰዎች ዘመዶች ሁሉ መጡ። አንድ ወጣት ሰባኪ የአልአዛርን ስም ይዞ፣ ከመቃብር ስለተጠራው አልአዛር ሊሰብክ ሲነሳ "ተቀመጥ ልጄ፣ ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት" ብላ አስቀመጠችው። በሁለተኛው ቀን ሲላስ መጥቶ ለሽማግሌዎቹ ቆሞ ተናገረ። ተመልሶ ሊወርድ ነው፤ ድንጋዩን አንስቶ አልአዛርን ያወጣዋል። ድንኳኑ በሙሉ "ተባረክ" አለ። ጋሽ ሽጉጤ እንባቸውን እየጠረጉ ጸለዩለት፤ ያጠፉት ጥፋት ሊቃናላቸው ነውና ከልባቸው ጸለዩ። የዓለምወርቅም ተመስገን አለች። ብርድ ልብስ መርጣ፣ ከነማሸጊያው ራስጌዋ አስቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት ስኮን የሚሉትን ትንንሽ ዳቦ በነጭ ባልዲ ሞልተው በግቢው በር ገቡ። በሶዌቶ ልቅሶ ስኮን በባልዲ ተይዞ ነው የሚኬደው። ሴቶቹን ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ማንም ሳያሳያቸው ጫማቸውን አውልቀው ከየዓለምወርቅ ጎን ተቀመጡ። የሶዌቶም ልቅሶ በፍራሽ ነው። የሲላስ እናት ነበሩ። በዙሉኛ፣ ቀስ እያሉ፣ ተናገሩ። የዓለምወርቅ ወደ ጀፕ ከመምጣቷ በፊት ሶዌቶ ስፓዛ ስለነበራት ዙሉኛ ትሰማለች።

"ልጄ ወንድምሽን ሊያወጣ እንደሚወርድ ነገረኝ" አሉ። "ከቤት ስወጣ አስቁሚልኝ ብዬ ልለምንሽ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ግን፣ እዚያ የተኛው የእኔ ልጅ ቢሆን ኖሮ አውጡልኝ ብዬ የሰው እግር እስም ነበር። ስለዚህ አልለምንሽም። ስኮኑን ብቻ ብዪ።"

የዓለምወርቅ ከመርዶው ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። ከባልዲው አንድ ስኮን አንስታ በላች። እየበላች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ጨረሰችው። ከዚያ ተነስታ ሲላስን ከድንኳኑ ጠርታ ከቤቱ ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ስር ወሰደችው።

መጀመሪያ የጠየቀችው ሥራውን ነው። ያን ድንጋይ ማንሳት ምን እንደሚያደርግ ንገረኝ አለችው። እሱም አልዋሻትም። በዚያ ጥልቀት ሰው ሲታገል ትንፋሹ ራሱ እንደሚመርዘው፣ ደንግጦ ቶሎ ወደላይ ቢሸሽ ደሙ ውስጥ አየር እንደሚፈላ፣ ስለዚህ ታች ለሚቆይባት ለእያንዳንዷ ደቂቃ በመውጫው ብዙ ሰዓት ተንጠልጥሎ መክፈል እንዳለበት ነገራት። በዚያ ጥልቀት ከባድ ሥራ የሠራ ሰው እስካሁን የለም።

"እሺ፣ ይዘኸው ትመለሳለህ?" አለችው።

"እሞክራለሁ፣ ሲሲ።"

"ሞክር አላልኩህም። ትመለሳለህ ወይ?"

ሲላስ መሬት መሬት አየ። "ባልመለስ እንኳ ብቻውን አይሆንም" አላት።

ያኔ ገባት። ይህ ሰው የሚወርደው ሊያወጣው አይደለም፤ አብሮት ሊሆን ነው። ከደመናው በላይ ቆሞ መብራቱ ሲወድቅ ካየባት ሰዓት ጀምሮ ይህ ሰው ከውሃው አልወጣም። እሷም እኮ ሬሳን ስትጠቀልል የኖረች እንጂ የቁም ሰውን አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ሲላስን በሁለት እጇ ያዘችው፣ እሱም እንደ ልጅ ትከሻዋ ላይ አለቀሰ። ለብዙ ዓመት የተሸከመቻት ቃል፣ "ሰው እዚህ አይቀርም" የምትለዋ፣ ከፊቷ ቆማ ትጠይቃታለች። በዚያ በኩል ደግሞ አንዲት እናት ጫማዋን አውልቃ ፍራሿ ላይ ተቀምጣለች።

ወደ ድንኳኑ ገብታ ሰው ፊት ቆመች። ሴት በሽማግሌዎች መካከል ቆማ ስትናገር ደስ የማይላቸው አሉ፤ የዓለምወርቅን ግን ማንም አስቀምጧት አያውቅም።

"ሲላስ አይወርድም" አለች። "አልአዛር ባለበት ይቆያል።"

ድንኳኑ ተንጫጫ። ጋሽ ሽጉጤ ተነሱ። "እህቴ፣ ሰው እዚህ አይቀርም እያልሽ ያስተማርሽን አንቺው አይደለሽም? ስንቱን ልከሽ የራስሽን ትተዪዋለሽ? ለእናትሽ ምን እንላቸዋለን? ጉድጓዱ እኮ አፉን ከፍቶ ነው ያለው።"

"አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት" አለች። "ነገር ግን እስከ ዛሬ የላክሁት ሬሳ ሌላ ሬሳ አልወለደም። ወንድሜ ሰው ገዳይ ሆኖ አገሩ አይገባም። ለእናቴ የምለውን እኔ እላለሁ።"

ጋሽ ሽጉጤ ተቀመጡ። የራስጌዋን ብርድ ልብስ አነሳችና የሲላስን እናት በሱ አልብሳ እስከ ታክሲው ሸኘቻቸው።

ለእናቷ በማግስቱ ጠዋት ደወለች። ሽማግሌ አላስቀደመችም፤ ይህን ሌላ ሰው እንዲነግርላት አልፈለገችም። በከምባትኛ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ዋሻው፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ሲላስና ስለ እናቱ። አየር በሌለበት ቦታ እንዳለ፣ እንደ ቆጮ ጉድጓድ ያለ መሆኑን፣ ትል እንደማይነካው ነገረቻቸው። ወይዘሮ ስንዱ እስከ መጨረሻው ሰሙ። "የከለከልሽው አንቺ ነሽ?" ብለው ጠየቁ። "እኔ ነኝ፣ እማ" አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ለልጃቸው ስልክ አላነሱም። ጉድጓዱም አልተደፈነም፤ ከብት እንዳይገባበት ዙሪያው በእሾህ ታጥሮ ተከፍቶ ተቀመጠ። ከዱራሜ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ይነግራት ነበር፤ አንዳንዱ አዝኖ፣ አንዳንዱ ደግሞ ለመንገር ብሎ። ጀፕም ዝም አላለም። አንድ ባለስፓዛ በሕመም ሲሞት ዘመዶቹ ለእሷ ሳይሆን ለጋሽ ሽጉጤ ደወሉ። "የራሷን ያልላከች" ተባለ። የዓለምወርቅ ሰማች። ብርድ ልብሷን በክንዷ አድርጋ፣ ሳትጠራ፣ ሬሳ ማቆያው ደረሰች፤ ፊቱን አየች፣ ጢሙን አስላጨች፣ ከሳጥኑ ጎን ተቀምጣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች።  የሟቹ ወንድም አፍሮ ሊያመሰግናት ቢመጣ "አይዞህ፣ አሁን እናትህን አስብ" ብላው ወደ ሱቋ ተመለሰች። እንዲህ ያለ ልብ በገበያ አይገኝም።

ሲላስ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እቤቷ ይመጣል። ውሃ ውስጥ መግባት ትቷል። ብዙ አያወራም፤ የቀረበለትን ይበላል፣ ወይም በልቶ አይጨርስም፣ የአልአዛር ወንበር ላይ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ይቀመጣል። አንዳንድ እሁድ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። እናቱ ለየዓለምወርቅ ደውለው እህል እንቢ እንዳለ ነግረዋታል። የዓለምወርቅ እያየችው ትፈራለች፤ ሰውን ከጉድጓድ መከልከል አንድ ነገር ነው፣ ጉድጓዱን ከሰው ማውጣት ሌላ ነው። በሥራዋ የምታውቀው ሙታንን ነበርና፣ ይህኛውን እንዴት እንደምትሸኘው አታውቅም። ቢሆንም በየእሁዱ ለሁለት ሰው የሚበቃ ምግብ ትሠራለች።

በዱራሜ ዝናቡ ሲጀምር፣ እሁድ ቀን ሲላስ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበሩ። ሰላምታ አላስቀደሙም።

"ጉድጓዱን ባዶውን አትድፈኑት አሉኝ" አሉ። "እኔም ባዶ ሆኖ ሲያየኝ ሰነበተ። ዛሬ እንሰት ተከልኩበት። ራሴ ነኝ የተከልኩት፣ ሌላ ሰው አላስነካሁም።"

የዓለምወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ያ ልጅ አለ?" አሉ ወይዘሮ ስንዱ። "አብሮት የነበረው፣ ያስቀረሽው።"

"አለ፣ እማ። እዚሁ ተቀምጧል።"

"እንግዲያው ንገሪው። አፈሩ ጥሩ ነው፣ እንሰቱ ያምርበታል። ሲደርስ ይምጣና ከሱ ይብላ። ባትከለክዪው ኖሮ ሁለት ጉድጓድ ነበር የሚቆፈረው። ደግ አደረግሽ፣ ልጄ።"

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ እናቷ ያሉትን ለሲላስ ቃል በቃል ነገረችው፤ ያኔ በመጥለቂያው ጉድጓድ ዳር የበላው ዛፍ መሆኑን፣ አሁን ለአልአዛር በተቆፈረው መቃብር ውስጥ መተከሉን፣ ከሱ እንዲበላ መጠራቱን። ሲላስ ሹካውን አስቀምጦ ሰማት። ዛፉ ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቃት።

"ስድስት፣ ሰባት ዓመት" አለችው። "እንሰት አይቸኩልም።"

ሲላስ በመስኮቱ በኩል፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ወዳለበት አየ።

"እንዲያ ከሆነ እስከዚያ ድረስ መኖር አለብኝ ማለት ነው" አለ።

"አዎ" አለችው የዓለምወርቅ፣ ሳህኑን ወደ እሱ እየገፋች። "ትኖራለህ። በል፣ ብላ።"

ሲላስ ሹካውን አንስቶ የቀረበለትን በሙሉ በላ።